አሮጌው ቤት ላይ ፎቅ ልጨምር ወይስ ጓሮ ልሥራ?

ደብዳቤው እንዲህ ይላል፦

«ጤና ይስጥልኝ ኢንጂነር። የምንኖረው ሰሚት ነው። ቦታችን 200 ካሬ ነው። ቤቱን ባለቤቴ ከመጋባታችን በፊት በ1994 ነው ያሠራው። ባለ አንድ ወለል፣ 90 ካሬ ገደማ፣ ግድግዳው ብሎኬት፣ ጣራው ቆርቆሮ። ጓሮ ደግሞ 5 በ8 የሆነ አሮጌ ሰርቪስ ቤት አለ። አሁን እናቴን ከደሴ አምጥቼ እኔ ጋ ላኖራት ነው። ጉልበቷን ያማታል። ሁለት ልጆች አሉን፣ ክፍል ግን የለንም። ቨርጂኒያ ያለው ወንድሜ ‹ገንዘቡን እኔ እልካለሁ፣ ላዩ ላይ አንድ ፎቅ ጨምሩና ግማሹን አከራዩት› አለን። ፎርማኑ የባለቤቴ የአክስት ልጅ ነው። ቤቱን አይቶ ‹ግድግዳው ጠንካራ ነው፣ አንድ ፎቅ አያቅተውም። የሳሎኑንም ግድግዳ አፍርሰን ሁለት ኮለን (ምሰሶ) ጣል እናደርግበታለን› አለ። ፈቃዱን ‹እድሳት ብለን እናስገባው› ይላል። በሦስት ወር እጨርሳለሁ ብሏል። እኔን ግን አንድ ነገር ያሳስበኛል። የሳሎኑ መስኮት ጥግ ላይ በበጋ የሚከፈት፣ ክረምት ሲገባ የሚጠብ ስንጥቅ አለ። ባለቤቴ ዘመዱን ማስቀየም አይፈልግም። እባክዎ እንደ ወንድም ይምከሩኝ። ት. ነኝ፣ ከሰሚት።»

እህቴ ት.፣

ቀድሞ የያዘኝ በደብዳቤሽ መጨረሻ ላይ ያነሳሽው ስንጥቅ ነው። በበጋ ተከፍቶ በክረምት የሚጠብ ስንጥቅ የልስን ችግር አይደለም። ጂፕሰም ብትሞዪበት፣ ቀለም ብትደርቢበት በዓመቱ ተመልሶ ይመጣል። የሚንቀሳቀሰው መሬቱ ነው። ሰሚት፣ ሲኤምሲ፣ አያት፣ ገርጂ አካባቢ ብዙ ቦታ ላይ ያለው አፈር ዋልካ ነው፤ ሳይት ላይ «ብላክ ኮተን» የሚሉት። ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ቤታችሁ በየዓመቱ ትንሽ ከፍ፣ ትንሽ ዝቅ እያለ ኖሯል ማለት ነው። ሁሉም ጥግ እኩል ቢነሳ ምንም ባልነበረ። አንዱ ሲነሳ ሌላው ስለሚቀር ግድግዳው በደካማ ቦታው ይሰነጠቃል። ደካማ ቦታው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የመስኮትና የበር ጥግ ነው።

ስለዚህ ሳላንዛዛ ልንገርሽ። አሮጌው ቤት ላይ ፎቅ አትጨምሩ። ገንዘቡ ካለ ሰርቪሱን አፍርሳችሁ፣ ጓሮ ላይ በራሱ መሠረት የሚቆም አነስተኛ ጂ+1 (ምድርና አንድ ፎቅ) ሥሩ። እናትሽ ታች ትሁን፣ ኪራዩ ላይ ይሁን። ምክንያቴን ላስረዳሽ። ባለቤትሽም ወንድምሽም አብረውሽ ቢያነቡት ደስ ይለኛል።

ፎርማኑ «ግድግዳው ጠንካራ ነው» ሲል አልዋሸም። ብሎኬቱ በእርግጥም ጠንካራ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን በዚያ ዘመን የተሠሩ ባለ አንድ ወለል ቤቶች አሠራራቸው ይመሳሰላል። ቦይ ይቆፈራል፣ የድንጋይ ግንብ ይሞላል፣ ላዩ ላይ ግሬድ ቢም (መሠረቱን የሚያስር የኮንክሪት ቀበቶ) ይፈሳል፣ ከዚያ ብሎኬት ይደረደራል። ኮለን ወይ የለም፣ ወይ ጥግ ጥግ ላይ ለወጉ ያህል ቀጭን ይቆማል። ሁሉም ነገር የታሰበው ለቆርቆሮ ጣራ ነው። የቆርቆሮ ጣራ ከነትራሱ (ጣራውን ከሚሸከመው መዋቅር ጋር)፣ ከነሞራሌው፣ ከነኮርኒሱ በካሬ ሜትር 40 ኪሎ ቢመዝን ነው። 15 ሴንቲ ውፍረት ያለው ሶሌታ (የፎቁ ወለል የሚሆነው የኮንክሪት ንጣፍ) ግን በካሬ 375 ኪሎ ይመዝናል። ኮንክሪት በሜትር ኩብ 2,500 ኪሎ ገደማ ስለሆነ ሒሳቡን ራስሽ መሥራት ትችያለሽ። በ90 ካሬ ቤት ላይ ሶሌታው ብቻውን ወደ 34 ቶን ይጠጋል። ገና የላዩ ግድግዳ አልቆመም። ሴራሚክ አልተነጠፈም። ተከራይ ከነዕቃው አልገባም። ሮቶውም አልተሰቀለም።

ይህ ሁሉ ክብደት በሆነ መንገድ ወርዶ መሬት መድረስ አለበት። እኔ ማንንም ሰው የምጠይቀው ይህንኑ ነው፦ ክብደቱ በየት በኩል ይወርዳል? መጨረሻ ላይ ምን ላይ ያርፋል? «ሁለት ኮለን ጣል እናደርጋለን» የሚለው መልስ እዚህ ጋ ይቆማል። ኮለን ፉቲንግ ይፈልጋል፤ መሬት ውስጥ የሚያርፍበት ሰፊ የኮንክሪት እግር ማለት ነው። ፉቲንጉ ደግሞ ከዋልካው አልፎ ደህና መሬት ላይ መቀመጥ አለበት። ከወለሉ ሴራሚክ ላይ ተነስቶ፣ ወይም ከድንጋይ ግንቡ ላይ ተነስቶ የሚቆም ኮለን፣ ያን ሁሉ ጭነት ሰብስቦ አንድ ነጥብ ላይ መጫን ነው የሚሆነው። ክብደቱ በግድግዳው ርዝመት ተዘርግቶ ሲወርድ የቻለው መሬት፣ አንድ ቦታ ሲሰበሰብበት ላይችል ይችላል።

ኢንጂነር ከሆንኩ አይቀር ሌላውንም ወገን ልናገር። አሮጌ ቤት ላይ ፎቅ መጨመር ይቻላል። አሠራሩ ግን ሌላ ነው። አዲሶቹ ኮለኖች በአሮጌው ቤት መሐል አልፈው ይወጣሉ፤ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ጥልቅ ፉቲንግ ይኖራቸዋል። አዲሱ ፎቅ አሮጌውን ግድግዳ ሳይነካ በራሱ እግር ይቆማል። ይህን ለማድረግ ሳሎንሽም መኝታ ቤትሽም ውስጥ ይቆፈራል። ጣራው ይነሳል። እናንተ ቤት ተከራይታችሁ ትወጣላችሁ። በየክፍሉ መሐል ኮለን ይመጣል፣ ቁም ሳጥን የት እንደምታስቀምጪ ይጠፋሻል። ወጪው ሲደመር አፍርሶ እንደ አዲስ ከመሥራት ብዙም አይርቅም። ጓሮ ባይኖራችሁ ኖሮ ይህን እንወያይበት ነበር። ጓሮ አላችሁ።

ሌላም ነገር አለ። በ2017 ታኅሣሥና ጥር ከአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተነሳው መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቶ፣ ብዙ ሰው ሌሊት ከቤቱ ወጥቶ ነበር። ስምጥ ሸለቆው ሩቅ አይደለም። መሬት ሲንቀጠቀጥ ሕንፃን የሚጎዳው ወደ ጎን የሚገፋው ኃይል ነው። ያ ኃይል የሚመጣው ከሕንፃው ክብደት ነው፤ ክብደቱ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ኮለን በሌለው የብሎኬት ግድግዳ ላይ 34 ቶን ሶሌታ ማስቀመጥ ማለት በጣም ከባዱን ነገር ከሁሉ በላይ፣ ወደ ጎን መቋቋም የማይችለውን ነገር ከሥሩ ማድረግ ነው። ማስፈራራት አልወድም። እዚህ ጋ ግን ካላስፈራራሁ ሥራዬን አልሠራሁም።

ደግሞ እስቲ እናትሽን አስቢያት። ጉልበቷን ያማታል ብለሻል። ላይ የሚሠራው ፎቅ ለእሷ ምን ያደርግላታል? ፎቁ ለኪራይ ነው፣ ክፍሉ ለእናትሽ ነው። ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች አንድ ፕሮጀክት ውስጥ ገብተው ተደባልቀዋል። ወንድምሽ ከሩቅ ሆኖ «ፎቅ» ያለው ለእናንተ ገቢ እንዲሆን አስቦ ነው፣ መልካም ሐሳብ ነው። ቅድሚያው ግን የእናትሽ ነው።

አሁን ወደ ጓሮው እንምጣ። 5 በ8 ማለት 40 ካሬ ነው። ታች ለእናትሽ መኝታና መታጠቢያ፣ ለልጆቹም አንድ ክፍል ይወጣል። ላይ ደግሞ ሁለት ክፍል የሚከራይ ቤት ይሆናል። ከአሮጌው ቤት ጋር ግን አታገናኙት። በመካከል 2 ሜትር ያህል መተላለፊያ ይኑር፤ ላዩን በቀላል ቆርቆሮ ሸፍኑት። እናትሽ ዝናብ ሳይነካት ወጥ ቤት ትገባለች፣ አንቺም ሌሊት ስትጣራ ትሰሚያታለሽ። አሮጌው ቤት ባለፉት ዓመታት የሚሰምጠውን ሰምጧል። አዲሱ ገና ይቀመጣል። በብረት ካሰራችኋቸው ሲሳሳቡ አንዱ ሌላውን ይሰነጥቀዋል። ርቀቱ ሌላም ጥቅም አለው፦ አዲሱን ፉቲንግ በጥልቀት ስትቆፍሩ የአሮጌውን ቤት መሠረት ከጎኑ አታጋልጡትም።

የመጀመሪያ ወጪሽ ግን ሲሚንቶ አይሁን። ጉድጓድ ይሁን። በበጋ ሁለት የቀን ሠራተኛ ይዘሽ ሁለት ቦታ አስቆፍሪ፦ አንዱን ጓሮ፣ ሌላውን ስንጥቁ ባለበት ግድግዳ አጠገብ። ሁለተኛው ጠባብ ይሁን፣ በግድግዳው ርዝመት አይሂድ፣ በዚያው ቀን ወይም በማግሥቱ ተጠቅጥቆ ይሞላ። ኢንጂነሩ ሳይኖር እንዳይጀመር። አንደኛው ዋልካው የት ድረስ እንደሚወርድ ያሳያል፤ አንዳንድ ቦታ ከ2 ሜትር ያልፋል። ሁለተኛው የአሮጌው መሠረት የት እንደቆመ ያሳያል። የጉድጓዱ ዋጋ ከጠቅላላው አንፃር ኢምንት ነው። ሳይቆፈር የተሠራ ስትራክቸራል ዲዛይን ደግሞ ግምት ነው። «ሌላ ቦታ የሠራነውን ፕላን አለኝ፣ እሱን እናስተካክለዋለን» የሚል ሰው ቢመጣ በትህትና ሸኚው።

ከመቆፈራችሁ በፊት ሴፕቲክ ታንኩ የት እንዳለ እወቁ። ሰርቪስ ያለበት ጓሮ ውስጥ ሴፕቲኩ ብዙ ጊዜ እዚያው ሥር ነው። አዲስ ፉቲንግ አሮጌ ሴፕቲክ ላይ ወይም አጠገቡ ሲያርፍ ያየሁት ብዙ ነው። መጀመሪያ አዲሱ ሴፕቲክ ሌላ ቦታ ይሠራ። ከዚያ አሮጌው ይመጠጥ፣ ይሞላ። የሚያፈስ ሴፕቲክና የሚያንጠባጥብ የውሃ መስመር ዋልካ አፈር ውስጥ በበጋም ክረምት ይፈጥራሉ። እንዲያውም የሳሎኑን ስንጥቅ ያባባሰው የሚያፈስ ቱቦ ወይም የአሸንዳ ውሃ ግድግዳው ሥር መውረዱ ሊሆን ይችላል፣ እሱን ዛሬውኑ ፈትሺው። የጣራውን ውሃ ከቤቱ አርቀሽ መምራት፣ በግድግዳው ዙሪያ ወደ ውጭ ያዘነበለ የሲሚንቶ መረማመጃ ማድረግ፣ አጠገቡ ባሕር ዛፍ ካለ ባለሙያ ማማከር ትልቅ ለውጥ ያመጣሉ። ርካሽም ናቸው።

ጓሮው አጥር ጋ ስለሚደርስ የጎረቤት ጉዳይ አለ። ኮለኑ አጥሩን ተጠግቶ ሲቆም ፉቲንጉ ወደ ጎረቤት መሬት መግባት አይችልም። ስለዚህ ወደ እናንተ ወገን ብቻ ይሰፋና ሚዛኑ ይዛባል። ዲዛይነሩ ይህን የሚፈታው ፉቲንጉን በወፍራም ቢም (አግድም የኮንክሪት ተሸካሚ) ከውስጠኛው ፉቲንግ ጋር አስሮ ነው። ፕላኑ ላይ ይህ ከሌለ ጠይቂ። ቁፋሮው የጎረቤትን አጥር እንዳይጥል ረጅም ቦይ በአንድ ጊዜ አይከፈት፤ በየተራ ይሁን። ከሁሉ በፊት ግን ጎረቤቱን ቡና ጠርታችሁ ንገሩት። መስኮት ወደ እሱ ግቢ ልትከፍቱ ካሰባችሁ ከአጥር መራቅ ያለበት ርቀት አለ፣ ፈቃድ ሰጪው ይነግራችኋል። ሰው ቀድሞ ሲነገረው ብዙ ነገር ያልፋል። ድንገት ሲያይ ግን ደንብ አስከባሪ ይጠራል።

ደረጃውን አትርሱ። ሁሉም ሰው ክፍሎቹን ይሥልና ደረጃው በኋላ ይታወሰዋል። ከወለል እስከ ወለል 3 ሜትር ከሆነ፣ እርከኑ 17 ሴንቲ ሲሆን ወደ 18 እርከን ይመጣል። ቀጥ ብሎ የሚወጣ ደረጃ መሐል ላይ ማረፊያ ሲጨመርበት ወደ 6 ሜትር ርዝመት ይበላል። የ8 ሜትሩ ጎን ይችለዋል። ግን ስፋቱ የመተላለፊያውን ግማሽ ያህል ይወስዳል፣ ከአሁኑ ይታሰብ። ተከራዩ የማታ ማታ በእናትሽ መስኮት ሥር እያለፈ እንዳይወጣም አስቢበት። የተከራይ መግቢያ፣ የመብራት ቆጣሪ፣ የውሃ ቆጣሪ ለብቻ ከሆነ ስንት ጭቅጭቅ ይቀራል!

የሳሎኑ ግድግዳ ደግሞ ለብቻው ይታይ። የትራሱ እግር የሚያርፍበት ግድግዳ ከሆነ ጣራውን የተሸከመው እሱ ነው። ማወቅ ቀላል ነው፦ ኮርኒሱን በአንድ በኩል ከፍተሽ ወደ ላይ ማየት ብቻ ነው። ተሸካሚ ካልሆነ ብዙ ጭንቀት የለም፣ በጥንቃቄ ይፈርሳል። ተሸካሚ ከሆነ ቅደም ተከተሉ አይቀየርም። መጀመሪያ ጣራው በሁለቱም በኩል በቋሚ ይደገፋል። ከዚያ ለሁለቱ ኮለኖች ፉቲንግ ይቆፈራል፣ ይሞላል። ኮለኑ ይቆማል፣ ቢሙ ይፈሳል፣ ይጠነክራል። ግድግዳው የሚፈርሰው መጨረሻ ላይ ነው። ለ4 ሜትር ተኩል ክፍተት የቢሙ ቁመት ከ35 እስከ 40 ሴንቲ ቢሆን አይግረምሽ፣ ከኮርኒሱ ወርዶ ይታያል። «ቀጭን አድርገን ኮርኒስ ውስጥ እንደብቀዋለን» ካሉሽ ስሌቱን አሳዩኝ በይ። በእኔ አስተያየት ግን ይህን ሥራ ለጊዜው ተይው። ስንጥቁ ያለው እዚያው ሳሎን ነው። ውሃውን አስተካክለሽ፣ ስንጥቁ ጫፍ ላይ በእርሳስ ቀን ጽፈሽ፣ አንድ ዓመት ተከታተዪው። መንቀሳቀሱን ካቆመ ያኔ ሳሎኑን አስፊ።

ስለ ፈቃዱ ቁርጥ ያለ ነገር ልንገርሽ። «እድሳት ብለን እናስገባ» የሚለውን አትስሚ። የእድሳት ፈቃድ ለልስን፣ ለቀለም፣ ለጣራ ቅያሪ ነው። በእሱ ሽፋን ፎቅ ሲወጣ ቁጥጥሩ መጥቶ ካሳፎርማው (ኮንክሪቱ የሚፈስበት ቅርጽ) ላይ ያስቆማል። ፌሮው (የኮንክሪቱ ብረት) ዝናብ እየመታው ይዝጋል፣ ሲሚንቶው መጋዘን ውስጥ ይደርቃል። በ2001 የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕንፃዎችን ሀ፣ ለ፣ ሐ ብሎ መድቧቸው ነበር። ባለ አንድ ወለል መኖሪያ ሀ ውስጥ ነበር። ሁለት ወለል ሲሆን ወደ ለ ይሻገር ነበር፤ ያኔ ዲዛይኑን የተመዘገበ ባለሙያ መሥራት ነበረበት። ሕጉም መመሪያውም ስለሚሻሻል የዛሬውን መስፈርት በጽሑፍ ከክፍለ ከተማችሁ የግንባታ ፈቃድ ቢሮ ውሰዱ። ካርታውን ይዛችሁ ስትሄዱ የፕላን ስምምነቱን አስቀድሙ። ቦታው ላይ ምን ያህሉን መሸፈን እንደሚፈቀድ፣ ከፍታው፣ ቦታችሁ የመንገድ ማስፋፊያ ወይም የመልሶ ማልማት ክልል ውስጥ መሆን አለመሆኑ እዚያ ይታወቃል። የኮሪደር ልማቱ በ2016 ከተጀመረ ወዲህ ይህን ሳያጣራ ብር የሚያፈስ ሰው ድፍረቱ ይገርመኛል።

ፎርማኑን ስለማስቀየም ጠይቀሻል። አታባርሪው። ቤት ሠርቶ የሚያውቅ፣ የምታምኑት ዘመድ ማግኘት ቀላል አይደለም። ሥራው ግን መገንባት እንጂ ዲዛይን ማድረግ አይደለም። ኢንጂነሩ የፈረመበትን ፕላን ስጡትና «በዚህ ሥራልን» በሉት። ባለቤትሽ «ክፍለ ከተማው ያለ ፕላን አይሆንም አለ» ቢለው ማንም አይቀየምም፣ ውሸትም የለበትም። የእጅ ዋጋውን በውል ጻፉት። ዘመድ ስለሆነ ነው ይበልጥ የሚያስፈልገው። ክፍያው በሥራ ደረጃ ይከፈል፦ ፉቲንግና ግሬድ ቢም ሲያልቅ፣ የታችኛው ኮለንና ሶሌታ ሲያልቅ፣ ጣራ ሲከደን፣ ልስንና ሴራሚክ ሲያልቅ። ከጠቅላላው 10 በመቶ ያህሉን አንድ ክረምት እስኪያልፍበት ያዙት። የሚያፈስ ነገር ካለ ክረምቱ ራሱ ይናገራል።

ኢንጂነሩንም ለወረቀት ብቻ አትቅጠሪው። ቢያንስ ሦስት ጊዜ ሳይት እንዲመጣ ውሉ ላይ ይግባ፦ ቁፋሮው አልቆ ሊን ኮንክሪት (ከፉቲንጉ ሥር የሚነጠፍ ስስ ኮንክሪት) ሳይፈስ፣ የፉቲንጉና የኮለኑ ፌሮ ታስሮ ኮንክሪት ሳይፈስ፣ የሶሌታው ፌሮ ታስሮ ሳይፈስ። እሱ ካላየው አይፈስም። ወንድምሽ ከቨርጂኒያ ሊረዳ የሚችለውም እዚህ ጋ ነው። ገንዘቡን በአንድ ጊዜ አይላክ፤ ደረጃ በደረጃ ይላክ። ከእያንዳንዱ ሙሌት በፊት ፌሮው ላይ ሜትር ተዘርግቶ ፎቶ ይነሳና ይላክለት። ስታፋው (ዋናዎቹን ብረቶች ዙሪያውን የሚያስረው ቀለበት) በስንት በስንት ሴንቲ እንደታሰረ ፎቶው ላይ ይቆጠራል። ኮንክሪት ከፈሰሰ በኋላ ማን ይቆጥረዋል?

ፎቶው ላይ ምን እንደሚታይ ልንገርሽ። የኮለኑ ስታፋ ከላይና ከታች፣ ቢሙ ጋ ሲደርስ፣ ጠበቅ ጠበቅ ማለት አለበት። የስታፋው ጫፍ በ90 ዲግሪ ታጥፎ ወደ ውጭ መቅረት የለበትም፤ ወደ ኮለኑ ልብ በ135 ዲግሪ ይግባ። መንቀጥቀጥ ሲመጣ ኮለኑን የሚይዘው ያ መንጠቆ ነው። ብዙ ፌራዮዎች (ብረት አሳሪዎች) ይህን ያውቃሉ፣ ግን ለማጠፍ ስለሚያደክም ካልተጠየቁ ይተዉታል። ፌሮው ካሳፎርማውን መንካት የለበትም፣ ስፔሰር (ማራራቂያ) ይግባበት።

ስለ ኮንክሪት ብዙ መጻፍ እችላለሁ፣ ዋናዎቹን ብቻ ልበል። ሲሚንቶው ሁለት ዓይነት ነው፦ ለኮለንና ለሶሌታ ኦፒሲ የሚባለው ይሁን፣ ለግንብና ለልስን ፒፒሲ ይበቃል። ሲሚንቶ ቀድሞ ገዝቶ ማከማቸት ትርፍ ይመስላል፤ ሁለት ሦስት ወር ሲቆይ ግን አቅሙ ይቀንሳል። ከወለልና ከግድግዳ ርቆ በእንጨት ላይ ይደርደር። ሠራተኞች ኮንክሪቱ ቶሎ እንዲሄድላቸው ውሃ ይጨምራሉ። ያን ቀን ባለቤትሽ ሥራ ቀርቶ ሚክሰሩ ጋ ይቁም። ለአንድ ከረጢት ከ25 ሊትር ብዙም ማለፍ የለበትም፤ አሸዋው እርጥብ ከሆነ ደግሞ ያንሳል። ከፈሰሰ በኋላ ቢያንስ ለ7 ቀን ጠዋትና ማታ ውሃ ይጠጣ። የሶሌታው ቋሚ በተለምዶ እስከ 3 ሳምንት አይነሳም፤ የሚነሳውም ኢንጂነሩ ሲፈቅድ ነው። ይህን ብቻ ስትደምሪው «በሦስት ወር እጨርሳለሁ» የሚለው ለባለ ሁለት ወለል ቤት እንደማይሆን ይገባሻል። ከቁፋሮ እስከ ቁልፍ 6 ወር ካለቀ ጥሩ ሠርታችኋል። ሙሉውን ገንዘብም ፕላኑ ላይ አትመድቡት። ከ15 እስከ 20 በመቶ ለማይታወቀው ይቆይ። መሬት ውስጥ ሁሌም የማይታወቅ ነገር አለ።

ጊዜውን በተመለከተ፣ ዘንድሮ ፈቃዱንና ዲዛይኑን ጨርሱ። ቁፋሮው ኅዳር አካባቢ ይጀመር፣ ሰኔ ሳይገባ ጣራው ይከደን። የተቆፈረ ዋልካ ፀሐይም ዝናብም ሳያገኘው ቶሎ ሊን ኮንክሪት ይፍሰስበት። አንድ የተለመደ ነገር አለ፦ የወጣውን ጥቁር አፈር ለማስጫን ብር ላለማውጣት መልሰው ወለሉ ሥር ይሞሉታል። ሁለት ክረምት ሳይቆይ ሴራሚኩ ይነሳል። ዋልካው ሙሉ በሙሉ ተጭኖ ይሂድ። ወለሉ ሥር የሚገባው ገረጋንቲ ነው፣ ያውም በየ20 ሴንቲው እየተጠቀጠቀ።

የእናትሽን ክፍል ደግሞ ዲዛይነሩ ከአሁኑ ይወቀው። በሮቹ፣ የመታጠቢያውም ጭምር፣ 90 ሴንቲ ስፋት ይኑራቸው፤ አንድ ቀን ከዘራ ወይም ተሽከርካሪ ወንበር ቢያስፈልግ ያልፋል። መግቢያው ላይ እርከን አይኑር፣ ለስላሳ ተዳፋት ይሁን። ሽንት ቤቱ አጠገብ መያዣ ብረት ይታሰባል፤ ያ ግድግዳ ገና ሲገነባ ብሎኬቱ ውስጡ በኮንክሪት ይሞላ፣ አለበለዚያ ብሎኑ አይይዝም። የሻወሩ ሴራሚክ የማያንሸራትት ይሁን። ሻጩ የሚያብረቀርቀውን ሊያስመርጥሽ ይሞክራል፣ እሺ አትበዪው።